የፋብሪካ ጊታር ወይስ የእጅ ሥራ? ደብረ ብርሃን ላይ ሆነን ስናየው

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ ጊታር የሚጫወቱ ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው ከተቀመጡ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ላይ ነው የሚያርፈው፣ ከውጭ የሚገባውን የፋብሪካ ጊታር በዚህ ዋጋ ከመግዛት እዚሁ ጎበዝ አናጺ ፈልጎ ማሠራት አይሻልም ወይ ነው ነገሩ። ሆቴል ባንድ ውስጥ ያለው፣ ቸርች ከመዘምራን ጋር የሚጫወተው፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ገና ኮርድ እየለመደ ያለው፣ ሁሉም ይሄንኑ ያነሳል። ጥያቄው ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ 120ን አለፈ፣ ከዛም በላይ ሄደ። አስሉት እስቲ፣ ውጭ አገር 300 ዶላር የሚሸጥ የጀማሪ ጊታር በድሮው ሒሳብ 17 ሺህ ብር አካባቢ ነበር፣ ዶላሩን 130 ካላችሁት 39 ሺህ ነው፣ ይሄ እንግዲ ቀረጡ፣ ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ሳይገባበት ነው። ሰው ዓይኑን ወደ እንጨት ቤት ቢያዞር አይፈረድበትም።

ክርክሩ ግን ሁሌ አንድ ቦታ ነው የሚረግጠው። አንዱ የእጅ ሥራ ነፍስ አለው፣ ፋብሪካ ምን አለው ይላል፣ ሌላው አናጺ ጊታር ምን ያውቃል፣ አልጋና ቁምሳጥኑን ይሥራ ብሎ ይስቃል። እኛ ሰሜን ሸዋዎች ደግሞ የእጅ ሥራ ይበልጣል የሚለው ነገር ውስጣችን አለ፣ ባና እያየን ነዋ ያደግነው፣ መንዝ ላይ ከበግ ጸጉር ተፈትሎ የተሠራ ባና ከፋብሪካ ብርድ ልብስ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ የቱ ያሞቃል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ባና ላይ ግን አንዱ ክር ወፈር ቢል ወይ ጠርዙ ሁለት ጣት ቢያጥር ሙቀቱ አይጎድልም። ጊታር ላይ አንድ ሚሊሜትር ስታችሁ ዕቃው ጆሮ ያለው ሰው የማይነካው ይሆናል። ስለዚ እኔ በበኩሌ ፋብሪካ ወይስ እጅ የሚለው ጥያቄ ራሱ ቦታውን ስቷል ባይ ነኝ፣ መጠየቅ ያለበት የትኛው ሥራ ለማሽን ይሰጥ፣ የትኛው ለእጅ ይቅር፣ ደግሞ ያቺ ለእጅ የቀረችው ሥራ ተሠርታለች ወይስ ተዘላለች የሚለው ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው ውስጡ ድፍን የሆነው ኤሌክትሪክ ጊታር በስፋት የወጣው ከፋብሪካ ነው። ሊዮ ፌንደር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፣ ጊታር መጫወት እንኳን አይችልም፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፉለርተን የምትባል ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. በ1946 ባቋቋመው ድርጅት በ1950 ዛሬ ቴሌካስተር የምንለውን፣ በ1954 ደግሞ ስትራቶካስተርን ሲያወጣ ሐሳቡ አንገትና ገላውን በኮላ እያጣበቁ አንዱ ዕቃ ላይ ወራት መፍጀት አልነበረም። ገላውን በፎርማ መቁረጥ፣ አንገቱን ለብቻ መሥራት፣ ሁለቱን በአራት ብሎን ማጥበቅ፣ በቃ። አንገቱ ከተበላሸ ብሎኑን ፈቶ ሌላ መግጠም ነው። ዛሬ ሰብሳቢዎች በአስር ሺዎች ዶላር የሚገዟቸው የ1950ዎቹ ፌንደሮች እነዚሁ የፋብሪካ ዕቃዎች ናቸው፣ የእጅ ሥራ አምላኪዎቹ ይቺን ነገር ሲያነሱባቸው አይወዱም። ግን እዛው ፋብሪካ ውስጥ ታዲዮ ጎሜዝ የሚባል ሠራተኛ አንገቶቹን በእጁ እየቀረጸ ጫፋቸው ላይ በእርሳስ የስሙን መነሻ ፊደሎችና ቀኑን ይጽፍ ነበር፣ አቢጌል ይባራ የምትባል ሴት ደግሞ ከ1956 ጀምሮ ፒካፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ተቀብሎ ወደ አምፕሊፋየር የሚልከውን የሽቦ ጥቅል፣ ስትጠቀልል ኖራለች። እና ያ ጊታር የቱ ነው ልትሉት ነው?

በ1965 ሲቢኤስ የሚባለው ትልቅ ኩባንያ ድርጅቱን በ13 ሚሊዮን ዶላር ገዛውና ምርቱን አበዛው፣ ከዛ በኋላ ያለው ታሪክ ለኛ ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1970ዎቹ የወጡ ብዙ ጊታሮች ላይ አንገቱ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ሰፋ ብሎ እየተቆረጠ፣ አራቱ ብሎን ወደ ሦስት ወርዶ፣ አንገቱ በእጅ ሲገፋ ወዲያ ወዲህ የሚል ዕቃ ይወጣ ነበር፣ ተጫዋቹ ሁሉ አማረረ፣ በመጨረሻ 1985 ላይ የራሱ የድርጅቱ ኃላፊዎች መልሰው ገዙት። ዲዛይኑ የሊዮ ነው፣ ስሙም ያው ነው፣ የተነካው ጉድጓዱን ተጠንቅቆ መቁረጥና ከመሸጡ በፊት አንድ ሰው አንስቶ ማየቱ ነው።

አሁን ወደኛ እንምጣ። እኛ ጋ መሣሪያ ሠሪ የለም ማለት ነውር ነው፣ ክራር የሚሠራ አለ፣ መሰንቆ የሚሠራ አለ፣ ክራሩን ፒካፕ አስገብቶ ከአምፕሊፋየር ጋር የሚያገናኝም አለ። ግን ክራርና መሰንቆ ከጊታር የሚለዩበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፣ ድምፁ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ተጫዋቹ ነው። ክራር ላይ ትዝታ ስትፈልጉ በትዝታ ትቃኙታላችሁ፣ ባቲ ስትፈልጉ ደግሞ መልሳችሁ ትቃኙታላችሁ፣ ሠሪው ምሰሶውን ሁለት ሴንቲሜትር ቢያስረዝመው ክሩን ወጠር ላላ አድርጋችሁ ትወጡታላችሁ። መሰንቆ ላይ ቦታውን የምትፈልገው ጣታችሁ ናት። ጊታር ላይ ግን ድምፁን የሚወስነው ሠሪው ነው፣ ያውም ገና ዕቃው እንጨት እያለ፣ ፍሬቱ፣ ማለትም አንገቱ ላይ በተርታ የሚቀበረው ቀጭን ብረት፣ አንዴ የገባበት ገባ ነው፣ ተጫዋቹ ጥላሁን ገሠሠ ቢሆን ምንም አያደርገውም (ጥላሁን ዘፋኝ እንጂ ጊታር ተጫዋች አልነበረም ታውቃላችሁ፣ ለማለት ያህል ነው)። የኛ የእጅ ሙያ ያደገው ስህተትን ተጫዋቹ በሚያርምባቸው መሣሪያዎች ላይ ነው፣ ጎበዝ ክራር ሠሪ ጊታር ሲሠራ ግራ የሚጋባው ለዚህ ይመስለኛል፣ ሙያ አንሶት አይደለም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ፌንደር ዓይነት ጊታር ላይ ክሩ ከነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ ከሚያርፉበት) እስከ ብሪጁ (ገላው ላይ ክሮቹ ከሚያርፉበት) 648 ሚሊሜትር ነው፣ ጊብሰን የሚባለው ሌላው ታዋቂ ብራንድ ዓይነት ላይ 628 አካባቢ። የመጀመሪያውን ፍሬት ለማግኘት 648ን ለ17.817 ታካፍላላችሁ፣ 36.37 ሚሊሜትር ይመጣል፣ ከዛ የቀረውን ርዝመት እንደገና ለ17.817፣ እንዲህ እያላችሁ እስከ 21 ወይ 22ኛው ትሄዳላችሁ፣ 12ኛው ላይ ስትደርሱ ልክ ግማሹ፣ 324 ላይ ትሆናላችሁ። ከአንዱ ፍሬት እስከሚቀጥለው ያለው የድምፅ ርቀት ሰሚቶን ይባላል፣ አንዱ ሰሚቶን ለ100 ሴንት ይከፈላል። 12ኛው ፍሬት 1 ሚሊሜትር ቢስት ድምፁ 5 ሴንት አካባቢ ይወጣል፣ 20ኛው ላይ ያቺው 1 ሚሊሜትር ከ8 ሴንት በላይ ትሆናለች፣ ኮርድ ውስጥ ደግሞ አንዱ ወደላይ ሌላው ወደታች ስለሚስት ነገሩ ይብሳል። ብሪጁን ወደፊት ወደኋላ እየገፋሁ አስተካክለዋለሁ የሚል አለ፣ ብሪጅ የክሩን ጠቅላላ ርዝመት ነው የሚነካው፣ ያለቦታው የገባውን አንዱን ፍሬት ለብቻው አይነካም።

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የታወቀ አናጺ የሠራውን ጊታር እጄ ላይ ይዤ አይቼዋለሁ። ገላው ዋንዛ ነው፣ ጀርባው ላይ ሆድ የሚያርፍበት ቦታ እንዴት ተደርጎ እንደተቀረጸ ብታዩ ርካሽ ፋብሪካ እንደዛ አይሞክረውም፣ ቫርኒሹ አንድ ቦታ ላይ እንኳን አልፈሰሰም። ክር አስገብተን ቃኘነው፣ ከታች ሲያዝ ኢ ኮርዱ ደህና ነው። አምስተኛው ፍሬት ላይ ባሬ ሲያዝ፣ ማለትም በአንድ ጣት ክሮቹ ሁሉ ተጭነው ኮርዱ ሲያዝ፣ ይንሻፈፋል፣ ሰባተኛው ላይ ደህና ይመጣል፣ ዘጠነኛው ላይ እንደገና ይጠፋል። ካሊፐር የሚባለውን ጥቃቅን ልክ የሚለካ መሣሪያ አምጥተን ስንለካው ነገሩ ገባን፣ ሰውየው እያንዳንዱን ፍሬት የለካው ከፊቱ ካለው ፍሬት ተነስቶ ነው፣ ያውም በሚጠቀለል ሜትር፣ በሜትር ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ማለት የዓይን ግምት ነው፣ አንዱ ስህተት የሚቀጥለውን እየገፋ ሄዷል። ሁሉንም ከነቱ ተነስቶ በአንድ ረጅም የብረት ማስመሪያ ቢለካው ኖሮ ቢያንስ ስህተቱ እየተደመረ አይሄድም ነበር። ሁለተኛው ችግር ትንሽ ቆይቶ ነው የመጣው፣ አንገቱ ጎበጠ። የተለመደው ከ10 እስከ 46 የሚባለው የክር ሴት ፌንደር ዓይነት ጊታር ላይ ሲወጠር ስድስቱ ክሮች አንድ ላይ ወደ 46 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት አንገቱን ይጎትቱታል፣ ቀንና ሌሊት። ለዚህ ነው አንገት ውስጥ ትረስ ሮድ የሚባል የሚጠብቅ የሚላላ ብረት የሚቀበረው፣ እዛ ጊታር ውስጥ ግን አልነበረም፣ እንጨቱም ሲቆረጥ ገና አልደረቀም ነበር።

እዚ ጋ የፋብሪካ ወዳጆች ደስ እንዳይላቸው፣ የእነሱም ተራ ይመጣል።

ርካሹ የፋብሪካ ጊታር ፍሬቶቹ ትክክለኛ ቦታ ላይ ናቸው፣ ምክንያቱም ጎድጎዱን የሚቆርጠው ኮምፒውተር የሚያዘው ማሽን ነው፣ ማሽኑ ሰኞም ዓርብም ያው ነው። ኢንዶኔዥያ ሱራባያ ያለው የኮርት ፋብሪካ ለምሳሌ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌሎች ስማቸው ትልልቅ የሆኑ ብራንዶችን ርካሽ ሞዴሎች ያመርታል፣ ብራንዱ ይለያያል እንጂ ማሽኑ አንድ ነው። ፋብሪካው የሚቆጥበው ሌላ ቦታ ላይ ነው። እንጨት መቁረጥ በደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው፣ ሰዓት የሚበላው መጨረሻ ላይ ያለው ነው፣ ፍሬቶቹን እኩል ማድረግ፣ ጫፋቸውን ማለስለስ፣ ነቱን በየክሩ ልክ መቅደድ፣ አንገቱን ማስተካከል፣ ይሄ ሁሉ ጣትና ዓይን ያለው ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ሠራተኛ ደግሞ ደሞዝ ነው። ስለዚ ዋጋው እንዲወርድ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይሄ ሰዓት ነው፣ ሁለተኛ የሚቀነሰው ዓይን የማያየው ዕቃ ነው፣ የፕላስቲክ ነት፣ ቀጭን የቮሊዩም መቆጣጠሪያ፣ ቶሎ የሚንሿሿ ስዊች፣ ጥርሱ የሚላላ መቃኛ ቁልፍ። ገላው ላይ ያለው ቀለም ግን ሁሌም ያበራል፣ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው እሱ ነዋ።

ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ አየሩ የራሱን ይጨምራል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው፣ ኅዳር ታኅሣሥ ጥር ላይ ሌሊቱን ውርጭ ነው፣ ቀኑን ፀሐይና ደረቅ ንፋስ ነው፣ ከንፈር የሚሰነጥቀው አየር እንጨትንም አይምርም። ሱራባያ የባሕር ዳርቻ ወደብ ናት፣ እርጥበቷ ሌላ ነው። ጊታር ሠሪዎች የሚመክሩት የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው፣ የኛ በጋ ቀን ቀን ከዛ በታች ይወርዳል። እንጨቱ ሲደርቅ በጎኑ ይጠባል፣ የፍሬቱ ብረት ግን አይጠብም፣ ስለዚ ብረቱ ከሁለቱም ጠርዝ ብቅ ይላል። ጥር ላይ አንድ ልጅ ክረምት ላይ አዲስ አስመጥቶት የነበረውን ጊታር ሲያሳየኝ አንገቱን በግራ እጄ ከላይ ወደታች ሳብኩት፣ መዳፌ ላይ ጭረት ወጣ፣ እያንዳንዱ ፍሬት ለብቻው ይቆጠራል። ልጁ የፋብሪካ ስህተት ነው፣ አታለሉኝ ብሎ ነበር። ግማሹ እውነት ነው፣ ውድ ጊታር ላይ እንጨቱ መጀመሪያ በደንብ እንዲደርቅ ጊዜ ይሰጠዋል፣ የፍሬቱም ጫፍ ገባ ተደርጎ ይሞረዳል፣ ርካሹ ላይ ይሄ የለም። መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም፣ እንጨቱ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ጫፎቹ በቀጭን ሞረድ ወደ ውስጥ አጋደል ተደርገው ይሞረዳሉ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጊዜው ላይ ብቻ ተጠንቀቁ፣ ይሄ በበጋ ነው የሚሠራው፣ ክረምት ላይ ካስሞረዳችሁት እንጨቱ ያኔ አብጦ ስለሆነ ያለው ጥር ላይ እንደገና ብቅ ይልላችኋል። የተልባ ዘይት ጣውላው ላይ የሚቀቡም አሉ፣ በጣም ስስ ተደርጎ ተቀብቶ ወዲያው በጨርቅ ካልተጠረገ ይጣበቅና አቧራ ይሰበስባል፣ እኔ ብዙም አልመክርም።

ይሄን ያነሳሁት አንድም ለሠርግ የሚንቀሳቀሱ ባንዶችም ስላሉ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ጣርማበርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ያህል ወርዳችኋል፣ ከብርዱ ወደ ሙቀቱ፣ ክሩ ይላላል፣ አንገቱም ይንቀሳቀሳል። ትረስ ሮዱን የምታጠብቁበትን ቁልፍ ኬዙ ውስጥ ያዙ። ደግሞ እባካችሁ ጊታር ቅጥቅጥ ጣሪያ ላይ አታስጭኑ፣ በተለይ ጊብሰን ዓይነት ከሆነ።

ጊብሰንን ካነሳን አይቀር፣ ውድ ማለት ጠንካራ ማለት አይደለም። የጊብሰን ሌስ ፖል ከ1952 ጀምሮ አለ፣ አንገቱ ገላው ውስጥ በኮላ ነው የሚገባው፣ የጊታሩ ራስ፣ መቃኛ ቁልፎቹ ያሉበት ጫፍ፣ ደግሞ ወደኋላ 17 ዲግሪ ያጋደለ ነው፣ አንገቱም በአብዛኛው ማሆጋኒ እንጨት ነው። ራሱ ሲያጋድል የእንጨቱ ጅማት እዛች ቀጭን ቦታ ላይ ተቆርጦ ይቀራል፣ በዛ ላይ ለትረስ ሮዱ ቁልፍ ቦታ ተብሎ ይቦረቦራል። ስለዚ በብዙ ሺህ ዶላር የተገዛ ጊታር ከወንበር ላይ ወድቆ ራሱ የሚሰበረው ብርቅ አይደለም፣ የፌንደር ራስ ቀጥ ብሎ ከአንገቱ ጋር ከአንድ የሜፕል እንጨት ስለሚቆረጥ ስኳየር የሚባለው የፌንደር ርካሽ ብራንድ እንኳን እንዲህ ዓይነት ውድቀት ይችላል። ይሄ የዲዛይን ነገር ነው፣ የእጅና የማሽን ጉዳይ አይደለም፣ ሰው ግን ጥራት ሲል ሁሉንም አንድ ላይ ይደባልቃል። ከሁሉም የሚገርመው ደግሞ በእጅ ተሠራ ተብሎ በውድ የሚሸጠው የአሜሪካ ጊታር ውስጥም ማሽን አለ፣ ፒአርኤስ ከ1985 ጀምሮ ስሙን የተከለው በጥራት ነው፣ ገላና አንገቱን በማሽን ቆርጦ ማለስለሱንና ቀለሙን ለእጅ ይተዋል። ጊብሰን ራሱ ፍሬት እኩል የሚያደርገው ፕሌክ በሚባል የጀርመን ማሽን ነው። እነሱ ጋ የተጣላ እጅና ማሽን የለም።

ድምፅን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ ሰው ስለ እንጨት ድምፅ ሲያወራ ይመሻል። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ አምፑ የሚሰማው ማግኔቱ ላይ የሚንቀጠቀጠውን ክር ነው። አንድ የስትራቶካስተር ፒካፕ ላይ ከጸጉር የማይወፍር፣ 0.063 ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ወደ 8,000 ዙር አካባቢ ይጠቀለላል፣ የዙሩ ብዛትና ማግኔቱ ሲቀየር ድምፁ ይቀየራል፣ ገላው ዋንዛ ይሁን አልደር የሚባለው የውጭ እንጨት የሚለው ከዛ በኋላ የሚመጣ ወሬ ነው፣ ለኔ ቢያንስ። ሞተር የሚጠቀልሉ ሰዎች ከተማችን ውስጥ አሉ፣ ግን የነሱ ሽቦ ወፍራም ነው፣ ፒካፕ ሲበጠስ ወደነሱ ወስዳችሁ አታድክሟቸው።

እና ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የምለው፣ 39 ሺህ ያለው ሰው 39 ሺውን ሙሉ ጊታሩ ላይ አይጨርስ፣ ዝቅ ያለውን ገዝቶ የቀረውን እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ጋ ወስዶ ፋብሪካው የዘለላትን ሥራ ያሠራ። ፍሬቶቹ ላይ ማርከር ይቀባል፣ ቀጥ ያለ ረጅም ሞረድ ላያቸው ላይ ይሄዳል፣ ማርከሩ ያልተነካበት ፍሬት ዝቅ ያለው ነው፣ ማርከሩ ሁሉም ላይ እስኪነካ ድረስ ብቻ ይሞረዳል፣ ከዛ አናታቸው እንደገና ክብ ይደረጋል። አንድ ፍሬት ከጎረቤቱ በአንድ ወረቀት ውፍረት ከፍ ካለ፣ 0.1 ሚሊሜትር ማለት ነው፣ ክሩ እዛ ላይ እየነካ ዝዝ ይላል፣ ክሩን ከፍ አድርገን እናምልጥ ስትሉ ደግሞ ለጣት ይከብዳል፣ ብዙ ጀማሪ ጊታር ያቆመው እኮ በዚህ ነው። ነቱን በአጥንት መቀየር ደግሞ እኛ ጋ ከሁሉም የሚረክሰው ነው፣ ውጭ አገር አጥንት ነት ብለው በዶላር ይሸጡታል፣ እኛ ሉካንዳ ቤት የበሬ ቅልጥም ሞልቶልናል፣ ቀቅሎ ስቡን አስለቅቆ በደንብ ካደረቁት በመጋዝና በሞረድ ይወጣል። እዚ ላይ የኛ አናጺ ከፋብሪካው በግልጽ ይበልጣል።

ሙሉ ጊታር ማሠራት የፈለገ ሰው ደግሞ ሊዮ ፌንደር የሰጠንን አራት ብሎን ይጠቀም፣ አንገቱን የፋብሪካ አድርጎ ገላውን እዚሁ ያሠራ። ገላ ላይ አንድ ሚሊሜትር ቢሳሳት ማንም አይሰማውም፣ ሦስት ነገር ብቻ ልክ መሆን አለበት። የፌንደር ዓይነት አንገት እግሩ 56 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል፣ ጉድጓዱ 16 ሚሊሜትር አካባቢ ይጠልቃል፣ አንገቱ ያለ ብሎን ገብቶ ጊታሩ በአንገቱ ሲነሳ ገላው መውደቅ የለበትም። ብሪጁ ከአንገቱ በፊት አይበሳም፣ አንገቱ ከገባ በኋላ ከ12ኛው ፍሬት 324 ሚሊሜትር ተለክቶ ነው ቦታው የሚወሰነው፣ የአናጺዎቹ ትልቁ ጥድፊያ እዚ ጋ ነው። ሦስተኛው እንጨቱ ነው። ዋንዛ ለገላ ጥሩ ነው፣ አይከብድም፣ ለመሮና ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ባሕር ዛፍን ግን እርሱት፣ ይጣመማል። ዋንዛም ዝግባም ጽድም ከመንግሥት ደን መቁረጥ የተከለከለ ነው፣ ወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ያለውን ዝግባ ለጊታር ብሎ የሚመኝ ካለ ይተወው፣ ከገበሬ ጓሮ የወደቀ ወይ ከአሮጌ በርና ሳጥን የተረፈ ዋንዛ ይሻላል፣ ያውም አሮጌው ደርቆ ያለቀ ነው። አዲስ የተቆረጠ ጣውላ በጥላ ሲደርቅ ለ25 ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ነው የሚታሰበው፣ የጊታር ገላ 45 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ ሁለት ዓመት ግድም በሉት፣ በሁለት ሳምንት አስረክባለሁ የሚላችሁ ሰው እንጨቱ መቼ እንደተቆረጠ ጠይቁት።

አንገቱንም እዚሁ እንሥራ ለሚሉት፣ አሉ እንዲህ የሚሉ፣ መንገዱ አይዘጋም። አንድ የብረት ፎርማ ነው የሚያስፈልገው፣ 22ቱ የፍሬት ቦታዎች ከነቱ ተነስተው አንዴ በትክክል የተቆረጡበት፣ መጋዙ ሁሌ እዛ ውስጥ እየገባ ይቆርጣል፣ ከዛ በኋላ ሜትርም ግምትም የለም፣ አሥረኛው አንገት ከአንደኛው ጋር አንድ ይሆናል። በመቶኛ ሚሊሜትር የሚሠሩ ቶርኖና ፍሬዛ ያላቸው ጋራዦች አሉ፣ ልኩን በወረቀት ጽፎ መስጠት ነው። የሚቀረው ትረስ ሮዱና የፍሬት ሽቦው ነው፣ እነሱ እዚ አይሠሩም፣ ግን ሁለቱም ቀላል ናቸው፣ አምስት ስድስት ሰው ተሰብስቦ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ በአንዴ ማስገባት ይችላል፣ የፍሬት ሽቦው በጥቅል ከተገዛ ለብዙ አንገት ይበቃል።